የልጅን ትኩረት ሲመዝኑ ወላጅና መምህር የሚሳሳቷቸው ነገሮች

ሦስተኛ ክፍል ሳስተምር፣ በሰርተፊኬት ቀን አንዲት እናት ልጃቸው ክፍል ውስጥ ትኩረት እንደማያደርግ ስነግራቸው ፊቴ ቁጭ ብለው አለቀሱ። «ልጄ ቤት ውስጥ እንዲህ አይደለም፤ እናንተ ናችሁ የጠላችሁት» አሉኝ። እኔ ደግሞ በሆዴ «እኚህ ሴትዮ ልጃቸውን አያውቁትም» እል ነበር። ሁለታችንም ተሳስተናል።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፦ የወላጅና የመምህር ቃል ሲለያይ አንዱ ዋሽቷል ብሎ መደምደም። እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አቸንባክና ባልደረቦቹ ስለ ልጆች ባህሪ የተሠሩ 119 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ እንደ ወላጅና መምህር ልጁን በተለያየ ቦታ የሚያዩት ሰዎች የሰጡት ግምት ዝምድና በአማካይ 0.28 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሙሉ በሙሉ ቢስማሙ 1 ይሆን ነበር። በአንድ ቤት የሚያዩት እናትና አባት እንኳ ከ0.60 ብዙ አይርቁም።

እኔ ያንን ልጅ የማየው ከሃምሳ በላይ ልጆች መካከል፣ ዴስክ ላይ ለሦስት ተጣብቦ፣ ከሰሌዳ ሲገለብጥ ነው። እናቱ የሚያዩት ማታ፣ አጠገቡ ተቀምጠው «በል፣ ቀጥል» እያሉት ነው። ሳይታወቃቸው የልጁን ትኩረት እሳቸው ተሸክመውለታል። «እስቲ አንድ ሳምንት የቤት ሥራውን ብቻውን ይሥራ፤ እርስዎ ሰዓት ብቻ ይያዙ» አልኳቸው። ተመልሰው ሲመጡ «መምህር፣ ሦስት መስመር ይጽፍና እርሳስ ልቅረጽ ብሎ ይነሣል፤ በዚያው ይቀራል» አሉኝ። እኔም በበኩሌ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጬ ስከታተለው፣ ጠዋት ደህና ሆኖ ከእረፍት በኋላ እንደሚጠፋ አየሁ። እናቱ ልጁን ሐኪም ዘንድ ሲወስዱት የነገሩት ይህንኑ ነው። «ረባሽ ነው»፣ «ጨዋ ነው» የሚለው ቃላችን ብቻውን ለሐኪሙ ምንም አይፈይድም ነበር። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መመሪያ የኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) ምልክቶች ቢያንስ በሁለት ቦታ እንዲታዩ፣ ስድስት ወር እንዲቆዩና የተወሰኑት ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመሩ እንዲሆኑ ይጠይቃል። ስለዚህ የቤቱም የክፍሉም ዓይን ያስፈልጋል።

«ጌም ሲጫወት ዓይኑን አይነቅልም፤ ችግር ቢኖርበትማ እንዴት ይችል ነበር?» ይህን ከወላጅ የምሰማው በጣም ደጋግሜ ነው። ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ የሚቸግረው ትኩረቱን በሚያስፈልገው ሰዓት ወደሚያስፈልገው ነገር ማዞር ነው። ጌም በየሰከንዱ ይሸልመዋል፤ የማባዛት ሠንጠረዥ አይሸልመውም። ስለዚህ የጌሙ ሰዓት ማስረጃ አይሆንም።

ረባሹን ብቻ መፈለግ በአብዛኛው የእኛ የመምህራን ስህተት ነው። መመሪያው ከዘረዘራቸው 18 የኤዲኤችዲ ምልክቶች 9ኙ ስለ ትኩረት ማጣት እንጂ ስለ መቅበጥበጥ አይደሉም። መስኮት ሥር ዝም ብላ የምትቀመጥ፣ ደብተሯ ላይ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ጽፋ የምታቆም ልጅ ማንንም ስለማታስቸግር «ፈዛዛ ናት» ተብላ ታልፋለች። ብዙ ሴት ልጆች ሳይታወቅላቸው የሚቀሩት በዚህ መንገድ ነው፤ ሳስበው አሁንም ያመኛል።

ዕድሜንም አንርሳ። ትምህርት ቤት ለመግባት ሴፕቴምበር 1 የዕድሜ ገደብ በሆነባቸው የአሜሪካ ግዛቶች የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ በኦገስት የተወለዱ ልጆች፣ ማለትም የክፍሉ ትንንሾች፣ በሴፕቴምበር ከተወለዱት ይልቅ 34 በመቶ በበለጠ ኤዲኤችዲ አለባቸው እንደሚባሉ አሳይቷል። ልጃችን ከዕድሜው ቀድሞ ስለገባ የምንደሰት ወላጆች፣ ከማን ጋር እየተወዳደረ እንደሆነ እናስብ።

የልጁ ምልክቶች ምን ያህል ጊዜ እንደሚታዩ ወላጅና መምህር ነጥብ እየሰጡ የሚሞሉት ቅጽ አለ፤ ስለ አሞላሉ የምለው አጭር ነው። ወላጅና መምህር ተመካክረው አይሙሉ፤ ልጁን ከተረከበ ገና ሦስት ሳምንት የሆነው መምህርም አይቸኩል። አሜሪካ ያሉ ቤተሰቦቻችን ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ይበሉ፦ ከትምህርት ቤት የመጣውን ቅጽ ያው የሚመዘነው ልጅ ሲያስተረጉም አይቻለሁ። «ሁልጊዜ» እና «አልፎ አልፎ» የሚሉት ቃላት እሱ አፍ ላይ ይለሰልሳሉ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ይጠይቁ።

በመጨረሻ፣ የቅጹ ነጥብ ከፍ ብሎ ስለመጣ ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። ሰሌዳው የማይታየው፣ ጆሮው የሚከብደው፣ ሌሊት እያንኮራፋ በደንብ የማይተኛ ልጅ ሁሉ ቅጹ ላይ ኤዲኤችዲ ካለበት ልጅ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። በተለይ ለጥቂት ሰከንድ ፈዝዞ ቀርቶ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ የሚቀጥል ልጅ ካለ፣ በዚያች ቅጽበት ስሙን ጠርታችሁ ትከሻውን ነካ አድርጉት። ልጁ ካልሰማና ካልነቃ ፍዘቱ የሚጥል በሽታ አንዱ ዓይነት ሊሆን ይችላል። በስልክ ቪዲዮ ቅረጹትና ለሐኪሙ አሳዩት።