የወንዛችንን ብክለት ይዞ ወረዳ ለሚሄድ ሰው

ግልገል አባይ ከሰከላ ተነስቶ ጣና ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ከየማሳው የሚታጠበው ዩሪያ፣ ከከተማ የሚለቀቀው ቆሻሻ ዞሮ ዞሮ ሐይቁ ጋ ነው፣ እምቦጩም እሱን እየበላ ነው የሚወፍረው።

መጀመሪያ ማስረጃ። "ውሃው ሸተተ" ብላችሁ ብትሄዱ ሻይ ጠጥታችሁ ትመለሳላችሁ። እኛ የቆሻሻው ቱቦ ወንዙ ውስጥ ከሚለቀቅበት በላይ አንድ ሃይላንድ፣ ከታች አንድ ሃይላንድ ቀድተን ስብሰባ ላይ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው፣ ሰብሳቢው የታችኛውን ከፍቶ አሸተተና ቶሎ ዘጋው፣ ከዛ በኋላ የተከራከረ የለም። ፎቶም ከነቀኑ ያዙ፣ ክረምትም በጋም፣ ከአንድ ቦታ።

ሁለተኛ፣ የምትጠይቁት አንድ ነገር ይሁን። "ብክለት ይቁም" አይባልም፤ የመኪና እጥበት ከወንዙ ይራቅ፣ ወይ ወንዝ ዳር እስከዚህ ድረስ አይታረስ ሳር ይተከልበት በሉ። ግን ገበሬውን ሳታማክሩ የመሬት ነገር እንዳታነሱ፣ በኋላ ጠባችሁ ከሱ ጋር ይሆናል (ጎጃሜ በመሬቱ አይቀልድም መቼም)። እድሩንም ቄሶቹንም ይዛችሁ ሂዱ።

በጀት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሚያዝያና ግንቦት ላይ ምክር ቤቱን ያዙት፣ ሰኔ መጨረሻ ከሆነ አለቀ።

እምቢ ካሉ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 አለ፦ ብክለቱ አንተን ባይጎዳህም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት አቤት ማለት ትችላለህ፣ በ30 ቀን ካልወሰኑ ወይ ውሳኔው ካልተዋጠልህ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አድርጉ፣ አንዱ ላይ "ገቢ ሆኗል" አስብላችሁ ማህተም ሳታስመቱ ከቢሮው እንዳትወጡ።