ከገበያ እንዲሰበሰብ የታዘዘ ርችት እጅዎ ላይ ቢገኝ
ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከፒያሳ የገዙት ርችት አደገኛ ሆኖ በመገኘቱ ከገበያ እንዲሰበሰብ መታዘዙን ከሰሙ፣ በመጀመሪያ በማሸጊያው ላይ የሰፈረውን የአምራቹን ስምና የምርቱን መለያ ቁጥር ከማስታወቂያው ጋር ያመሳክሩ፤ የሥዕሉ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቁጥሩ ከገጠመ አንዱንም «ልሞክረው» ብለው አይለኩሱ፤ እንዲህ ያለው ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ የሚተላለፈው የባሩዱ መጠን ከተፈቀደው በላይ ሲሆን ነውና። ለምሳሌ በአሜሪካ ለሸማች የሚሸጥ መሬት ላይ የሚንጣጣ ርችት ከ50 ሚሊግራም በላይ ፈንጂ ቅመም መያዝ የለበትም።

ርችቱን ከከሰል ምድጃና ከሕፃናት አርቀው ያስቀምጡና ደረሰኙን ይዘው (ሰጥቶዎት ከሆነ) ወደ ሻጩ ይሂዱ፤ ርችቱን ራሱን ግን በተጨናነቀ ታክሲ አይጫኑ። ተለኩሶ የከሸፈውን 20 ደቂቃ ሳይሞላ አይጠጉት፤ ከዚያም በባልዲ ውኃ ውስጥ ያሳድሩት። እሳት ከተነሳ ወደ 939 ይደውሉ።