በትናንሽ ከተሞች የቆሙ የጦርነት መታሰቢያዎችን ስም በስም እንዴት እናንብብ

በማሳቹሴትስ የምትገኘው ትንሿ ከተማ ኮንኮርድ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1861–1865) ለወደቁ ልጆቿ በአደባባይዋ የግራናይት ሐውልት አቁማ አፕሪል 19 ቀን 1867 አስመርቃለች። መንገደኛው አብዛኛውን ጊዜ ፎቶ አንስቶ ያልፋል፤ ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ድንጋይ የቆመው ለስሞቹ ነውና ሊነበብ ይገባዋል።

በመጀመሪያ ብርሃኑን ይምረጡ። ፀሐይ ጽሑፉን ፊት ለፊት ስትመታው ፊደሉ ከድንጋዩ ጋር ይመሳሰላል፤ ከጎን ስትመጣ ግን የእያንዳንዱ ፊደል ጠርዝ ጥላ ይጥልና ከሩቅ የማይታየው ሁሉ ይገለጣል። ፀሐይ ከሌለ ጓደኛዎ የእጅ ባትሪ ከድንጋዩ ጎን አስጠግቶ እንዲያበራልዎት ያድርጉ።

ፊደሉ ጎልቶ እንዲታይ ብሎ ጠመኔ ወይም ዱቄት መቀባት ፈጽሞ አይገባም። የድንጋይ ሽበት የፊደሉን ጎድጓዳ ሞልቶት ቢያገኙም በቢላ አይፋቁት፤ ለከተማው አስተዳደር ያሳውቁ። በረኪና ወደ ድንጋዩ ቀዳዳዎች ገብቶ ጨው ይተዋል፣ ጨውም እየደረቀ ሲረጋ ገጹን ያፈረፍራል፤ የሽቦ ብሩሽ ደግሞ የሚተወው ብናኝ ዝጎ ድንጋዩን ያበላሻል። ግራናይት ጠንካራ ነው ተብሎ የሚደርስበት በደል ያሳዝነኛል።

ቀጥሎ ከስሙ አጠገብ ያለውን፣ ብዙ ጊዜ የወታደሩን ሬጅመንትና ሻምበል የሚያመለክተውን ምህጻረ ቃል ይፍቱ። አንድ የእግረኛ ሬጅመንት በወረቀት ላይ 1,000 ያህል ሰው ሲኖረው፣ በላቲን ፊደላት ከኤ እስከ ኬ በሚጠሩ 10 ሻምበሎች ይከፈል ነበር፤ ጄይ ከአይ ጋር ስለሚምታታ ተዘልሏል። አንድ ሻምበል ብዙ ጊዜ ከአንድ አካባቢ ልጆች ይመለመል ስለነበር፣ ተመሳሳይ የሞት ቀን ያላቸው ስሞች ተከታትለው ቢያገኙ ጎረቤታሞች በአንድ ውጊያ አብረው ወድቀው ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ግን በጥይት አልሞቱም። ከሞቱት 360,000 ያህል የሰሜን (የፌዴራሉ መንግሥት) ወታደሮች መካከል በውጊያና በቁስል ያለፉት ወደ 110,000 ሲሆኑ፣ ከተቀሩት የሚበዙትን የጨረሳቸው ታይፎይድንና ተቅማጥን የመሰለ በሽታ ነው። አንደርሰንቪል የሚል የሞት ቦታ ካዩ ሰውየው በጆርጂያው የምርኮኞች ካምፕ ማለቁን ይረዱ፤ እዚያ ወደ 13,000 ምርኮኞች ሞተዋል። ከኮንኮርድ ልጆች የ32ኛው ማሳቹሴትስ ሬጅመንት አዛዥ ኮሎኔል ጆርጅ ፕሬስኮት በጁን 1864 በቨርጂኒያዋ ፒተርስበርግ ላይ በደረሰበት ቁስል አርፏል።

«እስከ ሞት የታመኑ» የሚል ትርጉም ያለውን የኮንኮርድ ሐውልት ጽሑፍ የአማርኛ አንባቢ ወዲያው ይለየዋል፤ በዮሐንስ ራእይ 2፥10 «እስከ ሞት ድረስ የታመንህ ሁን» ይላልና።

በመጨረሻም የመዘገቡትን ስም በዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ካለው የወታደሩ የአገልግሎት ወይም የጡረታ ማኅደር ጋር ያመሳክሩ። አጻጻፉ ቢለያይ በድንጋዩ ያለውንም በመዝገቡ ያለውንም ሳያርሙ ጎን ለጎን ያስፍሩ።