ወይን ጠጁ መጠጥ ወይን አይደለም፦ ያልለመዱትን ባብል ቲ ሲሞክሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአንድ የባብል ቲ ቤት ባንኮኒ ጀርባ ስቆም አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባብል ቲ ከታይዋን የመጣ፣ ብዙውን ጊዜ ከሻይና ከወተት የሚሠራ፣ ከሥሩ ቦባ የሚባሉ የሚታኘኩ ትንንሽ ድብልብል ኳሶች ያሉበት ቀዝቃዛ መጠጥ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሐበሻ ቤተሰቦች ሲገቡ ልጆቹ የሚፈልጉትን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ወላጆቹ ግን ሰሌዳውን ቀና ብለው አይተው «እስቲ አዲስ ነገር ስጪኝ» ይሉኛል። ድፍረታቸውን እወደዋለሁ፤ የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ጣዕምን በቀለም መገመት ነው። ቀለሙን በቋንቋችን «ወይን ጠጅ» ስለምንለው ይመስለኛል፣ ብዙ ሰው ታሮ የሚባለውን መጠጥ ሲያዝዝ የወይን ጭማቂ ይጠብቃል፤ ከዚያም የቀመሰው ነገር ድንች ድንች፣ ለውዝ ለውዝ ሲለው ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል። ታሮ ፍራፍሬ አይደለም፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ተቀቅሎ የሚበላው የእኛው ጎደሬ ነው። የጎደሬ ሥጋ ነጣ ያለ፣ ቢበዛ ሐምራዊ ጣል ጣል ያለበት ሲሆን፣ በብርጭቆው ውስጥ የሚያበራው ቀለም ብዙውን ጊዜ ከዱቄቱ ማቅለሚያ፣ አንዳንዴም ፊሊፒንሶች ኡቤ ከሚሉት ወይን ጠጅ ቦዬ የሚመጣ ነው። እኔም ብሆን በመጀመሪያው ሳምንቴ ለጠየቀኝ ሁሉ «እንደ ወይን ያለ ነው» እል ነበር። አንድ የሶዶ ሰው የሆኑ አባት ከእውነተኛው ሥር የተሠራውን ቀምሰው «ልጄ፣ ይሄማ ጎደሬ ነው፤ ማን ነው እንዲህ ያስጌጠው?» ብለው እስኪስቁብኝ ድረስ ስህተቴን አላወቅሁም።

ሁለተኛውን ሳይ ትዕግሥቴ ያልቃል። አንድ ሰው በሕይወቱ ቀምሶት የማያውቀውን መጠጥ መርጦ፣ ስኳሩን መቶ በመቶ፣ ማለትም ቤቱ በሚጨምረው ሙሉ መጠን፣ አስደርጎ፣ ከሥር ቦባ፣ በላዩ ፑዲንግ፣ በዚያም ላይ የአይብ አረፋ አስጨምሮ፣ ሁለት ጊዜ ከሳበ በኋላ «ይህን ጣዕም አልወደድኩትም» ይለኛል። የትኛውን ጣዕም? ይህ በአንድ ስኒ ቡና ውስጥ ጨው፣ ቅቤና ስኳር አንድ ላይ ጨምሮ የሐረሩ ከይርጋጨፌው አይለይም እንደ ማለት ነው። አዲስ ነገር ሲሞክሩ ስኳሩን 30 ወይም 50 በመቶ ያድርጉት፣ ከተጨማሪዎቹም ቢበዛ አንዱን ይምረጡ፤ ያነሰ ስኳር ሊጨመር ይችላል፣ የበዛውን ግን ከብርጭቆው መልሶ ማውጣት አይቻልም። የቡናማ ስኳር ወተት የሚያዝዙ ደግሞ «ስኳር የለውም» ብለው ራሳቸውን እንዳያታልሉ፤ ስኳሩ ቦባው በተዘፈዘፈበት ሽሮፕ ውስጥ ስለሆነ ዜሮ በመቶ ቢሉም ዜሮ አይሆንም። እንዲያውም በብዙ ቤቶች ይህ መጠጥ ሻይ ጭራሽ የለበትም።

የአይብ አረፋውን በስትሮ አይጠጡ። አይብ ሲባል ከጎመን ጋር የምንበላው ሳይሆን ክሬም ቺዝ ከክሬምና ከጥቂት ጨው ጋር የተመታ ነው፤ ብርጭቆውን ዘንበል አድርገው ሲጎነጩ ጨዋማው አረፋና መራራው ሻይ አብረው አፍ ይገባሉ።

አሁን ወደሚከነክነኝ ልምጣ። በዐቢይ ጾም አንዲት እናት «ልጄ፣ ይህ የጾም ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ በወተት ምትክ የምንጨምረው ዱቄት ማሸጊያ ፊት ለፊት በትልቁ «ወተት የሌለበት» ስለሚል «አዎ፣ እማማ» አልኳቸው። ከቀናት በኋላ ጀርባውን ሳነብ ከወተት ፕሮቲን የሚሠራ ሶዲየም ኬዝኔት አገኘሁበት። የአሜሪካ ደንብ እንዲህ ያለውን ዱቄት በዚያ ስም መሸጥን አይከለክልም፤ የሚያስገድደው በዝርዝሩ ውስጥ ከኬዝኔቱ አጠገብ ምንጩ እንዲጻፍ ነው። እኚያን እናት ዳግም አላየኋቸውም። ስለዚህ «ወተት አለው?» ብለው ብቻ አይጠይቁ፤ ማሸጊያውን አሳዩኝ ይበሉ፣ የወተት አለርጂ ያለበት ሰው ከሆነማ ይህ የግድ ነው። የታሮ ዱቄትም ብዙ ጊዜ ይኸው ነገር ተቀላቅሎበት ይመጣል። ፑዲንጉ እንቁላል ወይም ጄላቲን ሊኖረው ይችላል፤ ጄላቲን ደግሞ ከአሳማ ሊሠራ ስለሚችል ሙስሊም ደንበኞችም ሊጠይቁ ይገባል።

«ዋናው እንዲህ አይደለም» ብሎ መከራከርም ትርፍ የለውም። በታይዋን እንኳ የታይቹንጉ ቹን ሹዪ ታንግና የታይናኑ ሃንሊን የሚባሉት ሻይ ቤቶች የፈጠራው ባለቤት እኔ ነኝ በሚል አሥር ዓመት ያህል ተካሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ፍርድ ቤቱ መጠጡን ማንም ሊሠራው ስለሚችል ማን እንደ ፈጠረው መወሰን አያስፈልግም ብሎ ዘግቶታል።

ፓሽን ፍሩትን ከወተት ጋር አያዝዙ፣ ይቆራረጣል። ሽታው ኃይለኛ ከሆነው ዱሪያን ከሚባለው ፍራፍሬ የተሠራ መጠጥ ይዘው መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ አይግቡ። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ቦባ አይስጡ፤ ሕፃኑ በወፍራሙ ስትሮ ሲስበው በቀጥታ ወደ አየር ቧንቧው ሊገባ ይችላል፣ የጀርመን የአደጋ ምዘና ተቋምም ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ2012 አስጠንቅቋል።

የተረፈውን ለነገ ብለው ማቀዝቀዣ ውስጥ አያስቀምጡ። ቦባው የካሳቫ ስታርች ስለሆነ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፤ እኛም ከተቀቀለ አራት ሰዓት ያለፈውን እንጥለዋለን።