ሃርድራዳ ቢያሸንፍ ኖሮ፦ አማራጭ ታሪክ አሠራር ለጎጃም የታሪክ ክበባት

አማራጭ ታሪክ ማለት ከተመዘገበው ታሪክ አንድ ነገር ለውጦ ቀጥሎ ሊሆን የሚችለውን መገመት ነው። ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ያለ ማንኛውም የተማሪዎች የታሪክ ክበብ ይህን ሥራ በአንድ ካርታ፣ በአንድ ደብተርና በሁለት ቀለም እስክሪብቶ ይሠራዋል። የተመዘገበውን በሰማያዊ፣ ከራሳችሁ ያመጣችሁትን በቀይ ጻፉ።

መነሻውን በጥንቃቄ ምረጡ። «ሰሜኖቹ (ቫይኪንጎቹ) እንግሊዝን ቢይዙ ኖሮ» ብቻ ማለት አይበቃም፤ ይዘዋታልና። ዴንማርካዊው ስቬን በ1013 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ያዛት፣ ልጁ ክኑት ከ1016 እስከ 1035 ነገሠባት። ለጀማሪ የሚሻለው የ1066ቱ የኖርዌዩ ንጉሥ የሃራልድ ሃርድራዳ ዘመቻ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥም ሃሮልድ ስለሆነ አንዱን ሃርድራዳ፣ ሌላውን ጎድዊንሰን በሉ።

ቀጥሎ የቀን ሰንጠረዥ። ሴፕቴምበር 20 ሃርድራዳ በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክ ከተማ አጠገብ፣ ፉልፎርድ ላይ ያሸንፋል፤ ሴፕቴምበር 25 እዚያው አካባቢ ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ከጎድዊንሰን ጋር ሲዋጋ ይሞታል፤ ሴፕቴምበር 28 የእንግሊዝን ዘውድ የሚፈልገው የኖርማንዲው ዊልያም በደቡብ ጠረፍ ፔቨንሲ ይወርዳል። ወደ እኛ አቆጣጠር ስትመልሱ የዛሬን ካላንደር አትከተሉ። በዛሬው ሴፕቴምበር 25 መስከረም 15 ነው፤ ያኔ እንግሊዝ በአሮጌው የጁልያን ካላንደር ስትቆጥር ስለነበር ትክክሉ መስከረም 28 ቀን 1059 ዓ.ም. ይሆናል።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ምክንያቱ በመዝገብ ያለ ይሁን። በእምባቦ፣ በ1874 ዓ.ም.፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቢያሸንፉ ኖሮ የሚል ሰው «ምን ተለውጦ?» ተብሎ እንደሚጠየቅ ሁሉ እዚህም ይጠየቃል። ሳጋዎቹ (የሰሜኖቹ የጥንት ትረካዎች) እንደሚሉት የሃርድራዳ ጦር በመያዣነት የሚሰጡትን ሰዎች ሊቀበል ሲሄድ ቀኑ ሞቃት ስለነበር ጥሩሩን (የብረት ልብሱን) ሪኮል በሚባል ቦታ ከመርከቦቹ ዘንድ ትቶ ነበር። ከመርከቦቹ ጋር የቀረው ደጀን ደርሶ ሲዋጋ ደግሞ ጥሩር ለብሶ በመሮጡ ዝሎ ነበር። እንግዲህ ጦሩ ጥሩሩን ለብሶ ይሂድ፤ ጎድዊንሰንም እዚያው ይሙት።

አብዛኛው ጽሑፍ የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው፤ ጸሐፊው ሃርድራዳን ወዲያው ለንደን አስገብቶ ያነግሠዋል። ዊልያምን ያመጣው ነፋስ ግን በጥሩር አይለወጥም፤ በሦስተኛው ቀን ይወርዳል። ከዮርክ ለንደን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ያህል ነው፤ ከፔቨንሲ ግን መቶም አይሞላ። ሃርድራዳ ቁስለኛውን ሰብስቦ፣ ስንቅ አዘጋጅቶ እስኪነሣ ዊልያም ይቀድመዋል። ለንደንም ባዶዋን አትጠብቅም፦ ዊልያም ጎድዊንሰንን ድል ካደረገበት ከሄስቲንግስ ጦርነት በኋላ መኳንንቱ ከንጉሣዊው ዘር የሆነውን ወጣቱን ኤድጋርን እንደመረጡት ሁሉ፣ እዚህም ይመርጡታል ማለት ያስኬዳል። በእኛ ግምት ይህ ለውጥ የሚሰጣችሁ ለሁለት የተከፈለች እንግሊዝን ነው፦ ሰሜኑ በዮርክ ለኖርዌይ፣ ደቡቡ ለዊልያም። መላዋን ለሰሜኖቹ ማድረግ ከፈለጋችሁ መነሻውን ወደ 1042 መልሱት፦ የክኑት ልጅ ሃርታክኑት በዚያ ዓመት ወራሽ ሳይተካ ባይሞትስ?

ባለቀንድ የራስ ቁርና ለጥንቱ የሰሜኖቹ ጣዖት ለኦዲን የሚቀርብ መሥዋዕት ካስገባችሁ ሰርዙ። ሃርድራዳ ክርስቲያን ነው፤ በእናት የሚገናኘው ወንድሙ ኦላፍ እንደ ቅዱስ ይከበር ነበር። ስለዚህ ዮርክን ሲይዝ ጳጳሱን አያባርርም፣ ዘውዱን እንዲባርክለት ይጠይቀዋል እንጂ። ይህን በቀይ ጻፉት።