ድራማው ያሳሳታቸው፦ ስለ ወጣቷ ንግሥት ቪክቶሪያ ስትጽፉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ታሪክ አስተምራለሁ። በ2016 መታየት የጀመረውን «ቪክቶሪያ» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ የተመለከቱ ተማሪዎቼ ስለ ንግሥቲቱ የመጀመሪያ ዓመታት ሲጽፉ ያንኑ ስህተት ስለሚደጋግሙ፣ ዘንድሮ ከእርማት በፊት ማስጠንቀቁን መርጫለሁ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ጁንንም ሰኔ ብላችሁ አትተርጉሙብኝ።

አንዱ ስህተት ከድራማው ሳይሆን ከእኛው የሚመጣ ነው። ቪክቶሪያን የምናውቃት በዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤና በልዑል ዓለማየሁ በኩል ስለሆነ፣ በዓይነ ኅሊናችን የምትታየን ጥቁር የለበሰችው ባልቴት ናት። ጁን 20 ቀን 1837 ማለዳ ከእንቅልፏ ተቀስቅሳ መንገሧ የተነገራት ግን፣ እስከዚያች ሌሊት ድረስ በእናቷ መኝታ ክፍል ትተኛ የነበረች የ18 ዓመት ልጅ ነበረች።

የሚያስመርረኝ የሎርድ ሜልበርን ነገር ነው። በድራማው ንግሥቲቱ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የገጠር መኖሪያ ሄዳ ፍቅሯን ትገልጥለታለች፤ ትዕይንቱ ያምራል፣ ነገር ግን አልተደረገም። ስትነግሥ እሱ 58 ዓመቱ ነበር፤ እሷ አባቷን ያጣችው ስምንት ወር ገደማ ሆኗት ሳለ ነው፣ እሱም ልጁን የቀበረው በ1836 ነበር። በ1839 በአስኮት የፈረስ ውድድር ላይ «ወይዘሮ ሜልበርን» ተብሎ ተጮኾባታል፤ ይህ የሚያስረዳው ግን የሰውን ሐሜት እንጂ የእሷን ልብ አይደለም። በዚያው ዓመት ሜልበርን ሥልጣን ሲለቅ ማልቀሷ፣ ተተኪው ሮበርት ፒል ደንገጡሮቿን እንድትቀይር ሲጠይቃትም እምቢ ማለቷ እንደ ፍቅር ማስረጃ ይቀርብልኛል። ወይዛዝርቱ እኮ የፒል ተቀናቃኝ የሆነው የሜልበርን ፓርቲ፣ የዊግ፣ መሪዎች ሚስቶችና ዘመዶች ነበሩ! በምክር ቤት አብላጫ ድምፅ ያልነበረው ፒል የንግሥቲቱን አመኔታ የሚያሳይ ምልክት ፈለገ፣ ከለከለችው፣ መንግሥት ሳይመሠርት ቀረ። ይህን የሚያህል የሕገ መንግሥት ቀውስ የልብ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማለፍ ያሳዝናል።

የዓመታቱን ቅደም ተከተል ከድራማው አትውሰዱ። የፒል ጸሐፊ ኤድዋርድ ድራመንድ በድራማው የሚገደለው ከውጭ በሚገባ እህል ላይ ቀረጥ የሚጥለው የእህል ሕግ በሚሻርበት በ1846 ነው፤ በእውነቱ የተገደለው በ1843፣ ገዳዩ ፒል መስሎት ነው። እኔም ድራማውን ባየሁ ሰሞን 1846 ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ አርማኛለች።

የአልባሽዋ የስኬረትና የወጥ ቤቱ ሹም የፍራንካቴሊ ፍቅርም ፈጠራ ነው።

የዕለት ማስታወሻዋን ስትጠቅሱ ደግሞ የትኛውን ቅጂ እንደያዛችሁ ግለጹ። ልጇ ቤያትሪስ እየቀነሰች ገልብጣው ዋናውን አጥፍታለች፤ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን የንግሥቲቱን ደብዳቤዎች ለኅትመት ያዘጋጀው ሎርድ ኤሸር ከዋናው ያስገለበጠው የታይፕ ጽሑፍ ስላለ፣ እሱን አስቀድሙ።