በእርግዝና ጊዜ የሚያመውን ጡት እንዴት እናሳርፈው?

እርግዝናቸውን አስቀድሞ የነገራቸው ጡታቸው የሆነ ሴቶች ብዙ ናቸው። የወር አበባ መቅረቱ ገና በቅጡ ሳይታወቅ፣ ጠዋት ቀሚስ ሲጠለቅ ጨርቁ የጡትን ጫፍ ነካ ሲያደርገው የሚሰማው ሕመም፣ ወይም በደረት መተኛት የሚከለክለው ክብደት፣ ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ሲቆጠር ብዙ ጊዜ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉት ሆርሞኖች እየጨመሩ ሲሄዱ ወደ ጡት የሚፈሰው ደም ይበዛል፤ ወተት የሚያመርቱት ዕጢዎችና ወተቱን ወደ ጡት ጫፍ የሚያደርሱት ቱቦዎችም ከወዲሁ ማደግ ይጀምራሉ። የደም ሥሮች ጎልተው መታየታቸው፣ በጡት ጫፍ ዙሪያ ያለው ክብ መጥቆሩና በላዩ ላይ ትናንሽ ጉብታዎች መውጣታቸው የዚሁ ዝግጅት ምልክቶች ናቸው። በአብዛኞቹ ሴቶች ዘንድ ሕመሙ ከሦስተኛው ወር በኋላ ይቀላል፤ መውለጃው ሲቃረብ ግን ጡቱ ዳግም ሊከብድ ይችላል።

ለነፍሰ ጡር ሴት ብዙ ጊዜ የሚሰጣት ምክር «ቻይው፣ ያልፋል» የሚል ነው። ማለፉ እውነት ነው፤ እስኪያልፍ ድረስ ግን እንቅልፍ አጥቶ መክረም አስፈላጊ አይደለም። መድኃኒት ከመፈለግዎ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ራስዎን ይከታተሉ፦ ከማለዳ እስከ ማታ ጡትዎን የሚነካው፣ የሚጫነውና የሚፈትገው ምንድን ነው? አብዛኛው እፎይታ የሚገኘው የዚህን ጥያቄ መልስ ከማወቅ ነው።

ቀዳሚው ተጠርጣሪ የጡት መያዣው ነው። ማታ ሲያወልቁት በትከሻዎና ከጡትዎ በታች ቀይ ሰንበር ትቶ ከሆነ፣ ወይም ጡትዎ ከላይና ከብብት በኩል ተርፎ የሚወጣ ከሆነ ጠቦዎታል፤ ከእርግዝና በፊት የገዙት መሆኑም «ልኬ ነው» ለማለት አያበቃም። በሜትር፣ ሜትር ከሌለ በክር፣ በመጀመሪያ ከጡት ሥር፣ ቀጥሎም ጡቱ ጎላ በሚልበት በኩል ዙሪያዎን ይለኩና እንደገና ይግዙ። ሽቦ የሌለው፣ ከጥጥ የተሠራ፣ ማንጠልጠያው ሰፋ ያለና ጡቱን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ይምረጡ፤ የውስጥ ስፌቱን በጣትዎ ዳሰስ አድርገው፣ በጡት ጫፍ ትክክል የሚያልፍ ሻካራ ስፌት ካለው ይተዉት። የጎድን አጥንት በእርግዝና ወራት ስለሚሰፋ፣ ሲገዙት ጠበቅ ባለው ቆላፊ ላይ የሚመችዎት ቢሆን በኋላ ለማላላት ቦታ ይኖረዋል። ሌላ የመግዛት አቅም ለጊዜው ከሌለ፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ከጀርባው ላስቲክ ማስቀጠል ከምንም ይሻላል። ያለ ጡት መያዣ መዋል ዕረፍት የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን የከበደ ጡት ደረጃ ሲወጡና ፈጠን ብለው ሲራመዱ መወዛወዙ ራሱ ያሳምማል። ለሌሊት ደግሞ ለስላሳና ላላ ያለ የጥጥ ጡት መያዣ ቢለብሱ፣ ሲገላበጡ የሚሰማው ሕመም ይቀንሳል።

ሁለተኛው፣ ብዙም የማይወራለት ጉዳይ፣ ታላቁን ልጅ ማዘል ነው። የአንቀልባው ወይም የማዘያው ማሰሪያ በደረት ላይ ተሻግሮ ሲጠብቅ የልጁ ክብደት በሙሉ ጡት ላይ ያርፋል፤ እናትየውም ሕመሙን ከድካም ትቆጥረዋለች። ከተቻለ ልጁን ሌላ ሰው ይዘልልዎት፤ ካልተቻለም ማሰሪያው ጡትን ረግጦ እንዳያልፍ ከላይ በትከሻ፣ ከታች በወገብ በኩል ያድርጉት። ልጁ ገና የሚጠባ ከሆነ የጡት ጫፍ ሕመሙ ሊብስ ይችላል። የእርጉዝ ወተት ልጅ ያሳምማል የሚለው አነጋገር መሠረት የለውም፤ ጤናማ በሆነ እርግዝና ማጥባት መቀጠል ይቻላል። ደም ከታየ፣ ወይም ያለጊዜው ምጥ የመምጣት ስጋት ካለ ግን የጤና ባለሙያ ሳያማክሩ አይቀጥሉ። በመኪና ሲጓዙም ቀበቶውን ጡት ስላመመ አይተዉት፤ የላይኛው በሁለቱ ጡቶች መካከል፣ የታችኛው ከሆድ በታች ያልፋል።

ቤት ውስጥ ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ ለጥቂት ደቂቃ ጡት ላይ ማድረግ እብጠቱን ያቀልላል፤ በረዶ ካለ በጨርቅ ይጠቅለል እንጂ በቀጥታ ቆዳ አይንካ። ለብ ያለ ውሃ የሚስማማቸውም አሉ፤ የትኛው እንደሚያሳርፍዎት ሞክረው ያዩታል። የጡትን ጫፍ በሳሙና አይሹት፤ በዙሪያው ያሉት ጉብታዎች የሚያመነጩትን ተፈጥሯዊ ቅባት እያጠበ ያደርቀዋልና ውሃ ብቻ ይበቃል። ሲተኙ በጎንዎ ሆነው ትንሽ ትራስ በክንድዎና በደረትዎ መካከል ያድርጉ። ይህን ሁሉ ለባለቤትዎ መንገርም አያሳፍርም፤ ሚስቱ ዘወር ስትልበት የጠላችው የሚመስለው ባል «ጡቴ ስለሚያመኝ ነው፤ እንዳትነካው» የሚለውን ግልጽ ቃል ቢሰማ ብዙ ቅያሜ ይቀራል።

መድኃኒት የግድ ካስፈለገ በእርግዝና ጊዜ የሚመረጠው ፓራሲታሞል ነው፤ እሱም በባለሙያ ምክር፣ በሚያስታግስ ዝቅተኛ መጠንና ለአጭር ጊዜ ብቻ ይወሰዳል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ግን ከፋርማሲ በቀላሉ ስለሚገኙ ብቻ አይዋጡ፤ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የፅንሱን ኩላሊት ጎድተው የእንሽርት ውሃ ሊያሳንሱ ይችላሉ። በቅን ልብ የሚታዘዙ የቤት መድኃኒቶችም ጥንቃቄ ይሻሉ፦ ጤና አዳምን አፍልቶ መጠጣት ለእርግዝና አስጊ ነው፤ ለአራስ የሚሰጠውን አብሽም ለጡት ሕመም ብለው ከወዲሁ በብዛት አይጠጡ።

ከእርግዝናው አጋማሽ ጀምሮ ከጡት ጫፍ ቢጫማ ወፈር ያለ ፈሳሽ ጠብ ቢል፣ ይህ እንገር ነው። ልብስ እንዳያረጥብ የታጠፈ የጥጥ ጨርቅ በጡት መያዣው ውስጥ ያድርጉና ሲረጥብ ይቀይሩት፤ ወጥቶ ይለቅ ብለው ግን አይጭመቁት፤ የጡትን ጫፍ መነካካት ማሕፀንን ሊያኮማትር ይችላል።

የሚከተሉትን ካዩ ግን የክትትል ቀጠሮዎን አይጠብቁ። አንድ ጡት ብቻ ቀልቶ ቢግልና ትኩሳት ቢኖር፣ ከጡት ጫፍ ደም ቢወጣ፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቢሰረጉድ፣ ወይም የማይጠፋ ጠንካራ እብጠት በእጅዎ ቢዳሰስ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ሕመሙ በድንገት መጥፋቱ ብዙ ጊዜ ጤናማ ነው፤ ከደም መፍሰስ ወይም ከሆድ ቁርጠት ጋር ከሆነ ግን በዚያው ቀን መታየት ያስፈልጋል። እብጠት ያገኙ እንደሆነ «ከእርግዝናው ነው፣ ስወልድ ይታያል» ብለው አያቆዩት፤ በየትኛው ጡት፣ በየትኛው በኩል፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳለ ለአዋላጅ ነርሷ ይንገሩ፤ ጡት በአልትራሳውንድ ሲመረመር ፅንሱ ላይ ጉዳት አይደርስም።